6040 ሲኤንሲን ከማክ3 ወደ አርዱይኖ ማዛወር፤ ድራይቨሩ ሳይነካ አዛዡን ብቻ መቀየር

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «6040 ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን፣ ሲኤንሲ) አለኝ፤ የእንጨት በር ጌጥና የስም ሰሌዳ እቀርጽበታለሁ። የሚሠራው ማክ3 በሚባል የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነበር፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌው ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ሞተ። አዲሱ ላፕቶፕ ፓራለል ፖርት የለውም። ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር ገመድ ገዝቼ ሰካሁ፤ ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። በአርዱይኖ (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) ይተካል ብለውኛል። ሞተሮቹንና ድራይቨሮቹን ሳልጥል ይቻላል? ምን ልግዛ? ከየት ልጀምር?»

ይቻላል። ሞተር፣ ድራይቨር፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) እና ኢንቨርተር (የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ባሉበት ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲሠራ የነበረው ጂ-ኮዱን (የእንቅስቃሴ ትእዛዞቹን ፋይል) አንብቦ «ኤክስ ይህን ያህል እርምጃ፣ ዋይ ያን ያህል» እያለ ባለ 5 ቮልት ምት ማውጣት ነው። ድራይቨሩ ያችን ምት ተቀብሎ ለሞተሩ ጉልበት ያለው ከረንት ይሰጣል። የሞተብህ አዛዡ ነው፤ ሠራተኞቹ ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም።

የገዛኸውን ገመድ መልሰው። ያ ገመድ ለፕሪንተር የተሠራ ነው፤ ፕሪንተር መረጃው ትንሽ ቢዘገይበት ግድ የለውም። ማክ3 ግን የፓራለል ፖርቱን ፒኖች ራሱ በቀጥታ፣ በተለመደው አቀማመጡ በሰከንድ 25,000 ጊዜ እየተቆጣጠረ ነው ሞተሩን የሚያራምደው። በዩኤስቢ በኩል ይህን የሚያደርግበት መንገድ የለውም። በዚያ ላይ የማክ3 የፓራለል ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይሠራም። ሻጩ ሌላ ዓይነት ገመድ ሞክር ቢልህ አትስማው።

አማራጮቹን በአጭሩ ላስቀምጥ። ፓራለል ፖርት ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ካገኘህና 32 ቢት ዊንዶውስ ከጫንክበት ነገ ሥራ ትጀምራለህ፤ ግን ያው ችግር ሌላ ቀን ይመለሳል። ዴስክቶፕ ላይ የፓራለል ካርድ ሰክቶ ሊነክስሲኤንሲ የተባለውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም መጫን ጥሩ ነው፤ ሊነክስ ለማያውቅ ሰው ግን ይከብዳል። አራተኛ አክሲስ፣ ማለትም የሚሽከረከር ማሠሪያ ካለህ ኡኖ (የተለመደው የአርዱይኖ ቦርድ) አይበቃህም፤ ፍሉይድኤንሲ የተባለው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚጫንበት ኢኤስፒ32 ቦርድ ፈልግ፤ የእሱ ፒኖች ግን 3.3 ቮልት ብቻ ስለሚያወጡ ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ ቺፕ ያለበትን ምረጥ። ሦስት አክሲስ ብቻ ከሆነ አርዱይኖ ኡኖ ከግርብል 1.1 (ቦርዱ ላይ ተጭኖ ጂ-ኮዱን ወደ ምት የሚቀይር ፕሮግራም) ጋር ለዚህ ማሽን በቂ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእሱ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ።

አንደኛ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ብቻ አብርተህ፣ ስፒንድሉ ጠፍቶ፣ የእያንዳንዱን ሞተር ሻፍት በእጅህ ለማዞር ሞክር። ቆልፎ ከያዘ ድራይቨሩ ለሞተሩ ከረንት እየሰጠ ነው፤ ትልቅ የምሥራች ነው። ሦስቱም ልቅ ከሆኑ ግን ሞተዋል ብለህ አትደምድም፤ አንዳንድ ሳጥን ከኮምፒውተሩ የፈቃድ ምልክት ካልመጣለት ሞተሩን አይዝም። አንዱ ልቅ ሆኖ ሁለቱ ከያዙ የዚያ አክሲስ ድራይቨር ወይም ሽቦ ችግር አለበት፤ አዛዡን መቀየር አያድነውም።

ሁለተኛ፣ የአሮጌውን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አውጣና በዲስክ አስማሚ ላፕቶፕህ ላይ ሰካው። ማዘርቦርድ ሞተ ማለት ዲስክ ሞተ ማለት አይደለም። በማክ3 ፎልደር ውስጥ በፕሮፋይልህ ስም የተቀመጠ የኤክስኤምኤል ፋይል አለ። ማሽንህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፦ የትኛው ፒን የየትኛው አክሲስ ስቴፕና አቅጣጫ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተገለበጠ፣ በሚሊሜትር ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ፍጥነትና አክስለሬሽኑ ስንት እንደነበር። ማክ3ን ያለ ላይሰንስ ላፕቶፑ ላይ ጭነህ ፋይሉን ብትሰጠው የፒኖቹንና የሞተሩን ማስተካከያ ገጾች በሥዕል ያሳይሃል። ሁለቱንም ገጾች በስልክህ ፎቶ አንሣቸው። ይህን ሳያደርጉ ሽቦ መንቀል የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ሳጥኑን ስትከፍት ከሁለት አንዱን ታገኛለህ። የመጀመሪያው ዓይነት ሁሉም ነገር በአንድ ትልቅ ቦርድ ላይ ነው፤ ሦስቱ ድራይቨሮች ከአንድ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ጀርባ ተሰልፈው፣ ባለ 25 ፒኑ ሶኬት እዚያው ቦርድ ላይ ተበይዶ። ብዙውን ጊዜ ቲቢ6560 ቺፕ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በር ላይ ትንሽ ማከፋፈያ ቦርድ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ለየብቻቸው የቆሙ ሦስት ድራይቨሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ላይ «ፑል» (ምት)፣ «ዲር» (አቅጣጫ) እና «ኤና» (ፈቃድ) የተባሉ የመደመርና የመቀነስ ጫፎች ታያለህ። ሁለተኛው ከሆነ ዕድለኛ ነህ። የመጀመሪያውም ይሠራል፤ ከሳጥኑ ሶኬት ጋር የሚገጥም (ወንድ ይሁን ሴት አይተህ) ባለ 25 ፒን ማያያዣ፣ ሽቦ በቪቴ የሚታሠርበትን ዓይነት ትገዛለህ፤ የሳጥኑን ውስጥ ጨርሶ አትነካም።

ኢንቨርተሩም እዚያው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 220 ቮልት ተስተካክሎ ካፓሲተሮቹ ላይ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሶኬቱን ከነቀልክ በኋላም ይቆያል። አሥር ደቂቃ ጠብቅ፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለካ፤ ከዚያ እጅህን አስገባ።

የሚገዛው ይህ ነው። ኡኖ አር3፣ 328ፒ ቺፕ ያለው። አዲሱን አር4 አትግዛ፤ ቺፑ ሌላ ስለሆነ ይህ ግርብል አይጫንበትም። ኡኖው ላይ የሚደረብና ሽቦ በቪቴ የሚይዝ ሰሌዳ። በሰፊው የሚሸጠው ሲኤንሲ ሺልድ የተሠራው ለትንንሾቹ ድራይቨሮች ስለሆነ ለአንተ ግድ አይደለም፤ ካለህ ግን አንድ ወጥመድ አለበት፦ በቆየው ስሪት ላይ የዚ ገደብ ማብሪያ (አክሲሱ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው) ተብሎ የተጻፈበት ቦታ በአሁኑ ግርብል የስፒንድል ፍጥነት መውጫ ነው፤ የስፒንድል የተባለው ደግሞ የዚ ገደብ ሆኗል። ጽሑፉን ሳይሆን የፒኑን ቁጥር ተከተል። ከዚህ ሌላ፣ ባለ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ስድስት፣ ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ልባስ) ያለው ኬብል ጥቂት ሜትር፣ ከ1.5 ሜትር የማይበልጥ ፌራይት ያለበት የዩኤስቢ ገመድ፣ እና ኡኖውን የምትከትበት የብረት ሳጥን። ስፒንድሉንም ከጂ-ኮድ ማዘዝ ከፈለግህ ምቱን ወደ 0–10 ቮልት የሚቀይር ትንሽ ሞጁልና አንድ ሪሌይ ጨምር።

የግርብል 1.1 ፒኖች በኡኖ ላይ እንዲህ ናቸው፦

ስቴፕ፦ ኤክስ ዲ2፣ ዋይ ዲ3፣ ዚ ዲ4
አቅጣጫ፦ ኤክስ ዲ5፣ ዋይ ዲ6፣ ዚ ዲ7
የሦስቱም ፈቃድ (ኤና)፦ ዲ8
ገደብ ማብሪያ፦ ኤክስ ዲ9፣ ዋይ ዲ10፣ ዚ ዲ12
የስፒንድል ፍጥነት፦ ዲ11፤ የስፒንድል አቅጣጫ፦ ዲ13
ፕሮብ፦ ኤ5፤ ሪሴት፦ ኤ0፤ ማቆሚያ፦ ኤ1፤ ማስቀጠያ፦ ኤ2

ለየብቻ የቆሙ ድራይቨሮች ካሉህ የሦስቱንም የፑልና የዲር መቀነስ ጫፎች አንድ ላይ አሥረህ ወደ ኡኖው ግራውንድ ውሰድ። የፑል መደመር ወደ ዲ2፣ ዲ3፣ ዲ4፤ የዲር መደመር ወደ ዲ5፣ ዲ6፣ ዲ7 ይሄዳል። ኤናን ለጊዜው ባዶ ተወው፤ አብዛኛው ድራይቨር ኤና ካልታሠረ «በርቷል» ብሎ ነው የሚወስደው፤ አንድ የስሕተት ምንጭ ቀነስክ ማለት ነው። ባለ አንድ ቦርዱ ከሆነ ከፒን 18 እስከ 25 ያሉት ግራውንድ ስለሆኑ ከመካከላቸው አንዱን ከኡኖው ግራውንድ ጋር አገናኝ። ስቴፕና አቅጣጫ ግን ከቦርድ ቦርድ ይለያያል፤ 2 እና 3 ለኤክስ፣ 4 እና 5 ለዋይ፣ 6 እና 7 ለዚ የሆነበት ብዙ ነው፤ አንተ ግን ከፋይሉ ያነሣኸውን ፎቶ ብቻ እመን። የፈቃድ ፒንም እዚያ ከተጠቀሰ ወደ ዲ8 ውሰደው፤ ሞተሮቹ ባይይዙ ከግርብል ማስተካከያዎች ውስጥ $4ን ከ0 ወደ 1 ቀይር። ዲ8ን ከተጠቀምክ $1=255 አድርግ፤ አለዚያ ማሽኑ ሲቆም ግርብል ሞተሮቹን ይለቃቸዋል፤ ዚም በስፒንድሉ ክብደት ሊወርድ ይችላል።

ኡኖው ኃይሉን ከዩኤስቢው ብቻ ያግኝ። ከሳጥኑ ውስጥ 24 ወይም 36 ቮልት ስቦ ወደ ኡኖ ማስገባት ቦርዱን ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑንም ሊያስከፍልህ ይችላል። መብራት ላይ እያለም የሞተር ሶኬት አትንቀል፤ ኮይሉ ውስጥ ያለው ከረንት ድንገት ሲቋረጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት ድራይቨሩን ይገድለዋል።

ሶፍትዌሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ያደናቅፋል። የግርብልን ዚፕ ስታወርድ ውስጡ «ግርብል» የሚባል ሌላ ፎልደር አለ፤ ወደ አርዱይኖ ፕሮግራሙ ላይብረሪ የሚገባው ያ የውስጠኛው ብቻ ነው። ዋናውን ዚፕ እንዳለ ካስገባኸው አይቀበልህም። ከዚያ ከምሳሌዎቹ ውስጥ «ግርብል አፕሎድ» የሚለውን ከፍተህ ላክ። ላፕቶፑ ቦርዱን ጨርሶ ካላየው አብዛኞቹ ርካሽ ኡኖዎች የሚጠቀሙበትን የሲኤች340 ድራይቨር ጫን። ሲያልቅ በ115200 ፍጥነት ስትገናኝ ግርብል ስሙንና ስሪቱን ይጽፍልሃል፤ $$ ብትለው ሙሉ ማስተካከያውን ያሳይሃል። ጂ-ኮድ ለመላክ ዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደር ወይም ካንድል ይበቃል። (እዚህ ትእዛዞቹን በፊደላችን እየጻፍኩ ነው፤ አንተ ስታስገባ በላቲን ፊደል ነው።)

አሁን ቁጥሮቹ። $100፣ $101 እና $102 በሚሊሜትር ስንት እርምጃ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ ድራይቨሩ እያንዳንዱን በ8 ከከፋፈለው (ክፍፍሉ ማይክሮስቴፕ ይባላል) 1,600 ይሆናል፤ ቦል ስክሩው (አክሲሱን የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ) በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ከተጓዘ 1,600 ለ5 ሲካፈል 320። በፋይልህ ውስጥም ይኸው ቁጥር ካለ ተገላገልክ። ማይክሮስቴፑን ወደ 16 ማሳደግ ጥራት ይጨምራል ብለው የሚመክሩ አሉ፤ በኡኖ ላይ አታድርገው። ኡኖው ማውጣት የሚችለው በሰከንድ እስከ 30,000 ምት ነው። በ320፣ 3,000 ሚሊሜትር በደቂቃ ስትሄድ 16,000 ምት ነው፤ ምቾት አለው። በ640 ግን 32,000 ይሆናል፤ ከአቅሙ በላይ ነው።

ከዚያ 100 ሚሊሜትር እንዲሄድ እዘዘውና ለካ። 50 ከሄደ ድራይቨሩ ላይ ያለው ማይክሮስቴፕ 8 ሳይሆን 16 ነው። 80 ከሄደ ስክሩው 5 ሳይሆን 4 ሚሊሜትር ነው። 200 ከሄደ ማይክሮስቴፑ 4 ነው። 99.8 ከሄደ ግን ቁጥሩን አትንካው! የቦል ስክሩ ስሌት ትክክል ነው፤ ያቺ 0.2 ከአለካክህ ወይም ከስክሩው ክፍተት የመጣች ናት። 320ን ወደ 320.64 «አስተካክሎ» ከዚያ ክቡ ለምን ሞላላ ሆነ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነው።

አቅጣጫው ከተገለበጠ $3ን ቀይር፤ ኤክስ 1፣ ዋይ 2፣ ዚ 4 ሆነው ይደመራሉ። ዋይ ብቻ ከሆነ $3=2፣ ኤክስና ዚ ከሆኑ $3=5። ትክክለኛው አቅጣጫ የሚለካው በመቁረጫው ጉዞ ነው፤ ጠረጴዛው የሚንቀሳቀስ ማሽን ከሆነ ጠረጴዛው ወደ አንተ ሲመጣ መቁረጫው ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው።

ፍጥነትና አክስለሬሽን ግርብል ሲጫን በጣም ዝቅ ብለው ነው የሚመጡት፤ 500 ሚሊሜትር በደቂቃና 10። $110 እና $111ን 1,000 ላይ ጀምር፤ $120 እና $121ን 100 ላይ። በባዶ እያስኬድክ ፍጥነቱን በ500 ጨምር፤ ሞተሩ ጮሆ የሚቆምበትን ነጥብ ስታገኝ ከዚያ ላይ ሲሶ ቀንስ። ስቴፐር ሞተር ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይወርዳል፤ በባዶ የሄደ ሁሉ ዋንዛ ሲቆርጥ አይሄድም። ዚን ከሁለቱ በግማሽ አሳንሰው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው «አዲሱ ቦርድ አይረባም» ብሎ የሚጥለው በሚቀጥለው ምክንያት ነው። ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላል፤ ጽሑፍ በደንብ ይቀርጻል። አበባ ወይም ሐረግ ያለበት ባለ ጥልቀት ቅርጽ ሲጀመር ግን ቢቱ (መቁረጫው) ቀስ በቀስ እየጠለቀ፣ ወይም እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ሰው ኮሌቱን (የቢቱን መያዣ) ያጠብቃል፣ ከረንት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለውጥ የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ግርብል አቅጣጫ ሲቀይር የአቅጣጫውን ፒን ያዘጋጅና አንድ ማይክሮ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ የስቴፑን ምት ያነሣል። ድራይቨሩ መግቢያ ላይ ያሉት ኦፕቶከፕለሮች (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግሩ ቺፖች) ግን ዝግተኞች ናቸው፤ እንደ ዲኤም542 ያለው ድራይቨር አቅጣጫው ከምቱ ቢያንስ 5 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ካልቀደመ የመጀመሪያዋ እርምጃ በአሮጌው አቅጣጫ ትሄዳለች። ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ቢሳሳት እርስ በርሱ ይጠፋፋ ነበር፤ ኦፕቶከፕለር ግን ለመብራት ፈጣን፣ ለመጥፋት ዘገምተኛ ስለሆነ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ይጠራቀማል። በእያንዳንዱ ምልስ የሚጠፋው ሁለት እርምጃ ነው እንበል፤ በ320 ሲሰላ 0.006 ሚሊሜትር ነው፣ ምንም አይደለም። ባለ ጥልቀት ቅርጽ ግን ዚን በሺዎች ጊዜ ያመላልሰዋል፤ አንድ ሺህ ምልስ 6 ሚሊሜትር ሆነ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ስፒንድሉ ጠፍቶ ቢቱን ከአንድ ወረቀት ጋር እስኪነካካ አውርድና ያንን ዜሮ በል። 10 ሚሊሜትር አንሣው። ከዚያ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች 500 ጊዜ የሚያመላልስ ፋይል፣ በዝግታ፣ በ300 ሚሊሜትር በደቂቃ አስኬድ። ሲያልቅ ወደ ዜሮ መልሰው፤ ስሕተቱ ወደ ታች ሊሆንም ስለሚችል የመጨረሻዋን ጉዞ እጅህን ማቆሚያው ላይ አድርገህ ተመልከት። ወረቀቱ እንደ መጀመሪያው ከያዘ ደህና ነህ። በዚህ ዝግታ ከተንሸራተተ ጉዳዩ የጉልበት ሳይሆን የምቱ አሰላለፍ ነው። በዝግታ ደህና ሆኖ በፍጥነት ብቻ ከተንሸራተተ ግን አክስለሬሽን ወይም የድራይቨር ከረንት ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው $2=7 ማለት ነው፤ የሦስቱም ስቴፕ ምልክት ይገለበጥና ድራይቨሩ እርምጃውን የሚቆጥረው ምቱ ሲጀምር ሳይሆን ሲያልቅ፣ ማለትም $0 ላይ በተጻፈው 10 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሆናል፤ አቅጣጫው በዚያ መሐል ተረጋግቶ ይጠብቀዋል። (ከላይ ካልኩት በተቃራኒ መደመሮቹን ከ5 ቮልት፣ መቀነሶቹን ከኡኖው ፒን ጋር ካገናኘህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትክክለኛው $2=0 ነው።) ሁለተኛው፣ ግርብልን ከመጫንህ በፊት የማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ የስቴፕ ምት ማዘግያ የሚለውን መስመር ከአስተያየትነት አውጥቶ 10 ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን አስቀድም፤ አንድ መስመር ጽፈህ ወዲያው ታየዋለህ። ቲቢ6560 ከሆነ $0ንም ወደ 20 ከፍ አድርግ፤ እነዚያ ቦርዶች ጠባብ ምት ይዘላሉ።

የገደብ ማብሪያዎች ላይ ምክሬ፣ ባይኖሩህም ጨምር ነው። መብራት የሚሄድበት አገር ነው ያለነው። ሦስት ሰዓት የፈጀ በር መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ያለበትን ይረሳል። ማብሪያ ካለህ $H ብለህ መነሻው ላይ ታስመልሰዋለህ፤ የሥራውን ዜሮ ደግሞ ሲጀመር በ«ጂ10 ኤል20 ፒ1 ኤክስ0 ዋይ0 ዚ0» ካስቀመጥከው በቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ይቆያል፤ ከተቋረጠበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ ትቀጥላለህ። ቢት ከቀየርክ ግን የዚን ዜሮ እንደገና አስቀምጥ። ማብሪያዎቹ በተለምዶ የተዘጉ ይሁኑና $5=1 አድርግ፤ ሽቦው ቢበጠስ ወዲያው ታውቃለህ። ለእያንዳንዱ ሺልድ ያለው ኬብል ተጠቀም፣ ሺልዱን በኡኖው በኩል ብቻ ከግራውንድ አገናኝ፣ ኡኖው ጋ በፒኑና በግራውንድ መካከል ባለ 100 ናኖ ካፓሲተር አስገባ። $22=1 ካልክ በኋላ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ተቆልፎ ስታገኘው አትደንግጥ፤ $H እስክትለው ይጠብቃል። $X መቆለፊያውን ይፈታል፤ ግን የት እንዳለ ሳያውቅ ነው የሚፈታው።

ስፒንድሉን በመጀመሪያው ሳምንት በኢንቨርተሩ ቁልፍ ራስህ አብራና አጥፋ። እንቅስቃሴው ሲረጋጋ ዲ11ን በ0–10 ቮልት ሞጁሉ በኩል ወደ ኢንቨርተሩ ውሰድ፤ 400 ኸርዝ ላይ 24,000 ዙር ለሚዞር ስፒንድል $30=24000፣ $31=0፣ እና የግድ $32=0። $32 አንድ ከሆነ ግርብል ሌዘር ያለው መስሎት ሲቆም ስፒንድሉን ያጠፋዋል። ለማብሪያ ሪሌዩ ዲ13 ላይ መጠቀም ከፈለግህ ደግሞ በማዋቀሪያ ፋይሉ የአቅጣጫ ፒኑን ማብሪያ የሚያደርገውን መስመር መክፈት አለብህ፤ አንድ አደጋም አለው። ኡኖ ሲነሣ ዲ13 ላይ ያለችውን መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ከቦርዱ ጋር በተገናኘ ቁጥር ደግሞ ኡኖው ዳግም ይነሣል። ማለትም ላፕቶፑ ላይ «አገናኝ» ስትል ሪሌዩ ቅጭል ሊል፣ ስፒንድሉም ሊነቃነቅ ይችላል። እጅህ ኮሌቱ ላይ እያለ ይህ እንዳይሆን ቢት ስትቀይር የኢንቨርተሩን ብሬከር አጥፋ። ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያም ወደ ኤ0 ብቻ መሄድ የለበትም፤ የድራይቨሩንና የኢንቨርተሩን ኃይል ራሱ ይቁረጥ።

ስፒንድል ስታበራ ዩኤስቢው ከተቋረጠ፣ ወይም ሥራ መሐል ላይ ሳታዘው «ሆልድ» ብሎ ከቆመ፣ የኢንቨርተሩ ረብሻ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ኧርዝ ነው፤ ሶኬቱ የኧርዝ ምላስ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም፤ ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ ከኋላው ባዶ ነው። ለኤሌክትሪሻን አስለካው፤ ከሌለ ዘንግ ይቀበር። ቀጥሎ ኃይሉን አጥፍተህ የስፒንድሉ ሶኬት አራተኛ ፒን ከስፒንድሉ አካል ጋር መገናኘቱን በመልቲሜትር እይ፤ ከፋብሪካ ሳይገናኝ የሚመጣ ብዙ ነው። ከዚያ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለህ በባትሪ ብቻ ሞክር፤ ችግሩ ከጠፋ ረብሻው በቻርጀሩ በኩል እየዞረ ነበር። ኤ0፣ ኤ1 እና ኤ2 ላይ ረጅም ሽቦ ካለም ንቀለው ወይም ካፓሲተር አድርግለት።

የመጨረሻው የፋይሎችህ ነገር ነው። ለማክ3 ያወጣሃቸውን አሮጌ ፋይሎች እንዳሉ አትላክ፤ ከዲዛይን ፕሮግራምህ ውስጥ የግርብልን ሚሊሜትር ፖስት ፕሮሰሰር (ጂ-ኮዱ ለየትኛው ማሽን እንደሚጻፍ የሚወስነውን) መርጠህ እንደገና አውጣ። ኤም6 (የቢት መቀየሪያ ትእዛዝ) ካጋጠመው ግርብል «ኤረር 20» ብሎ አይቀበልም፤ ጂ81 የመብሻ ዙርንም አያውቅም። ቅስት ላይ «ኤረር 33» ካመጣ ፋይሉ የክቡን መሐል በፍጹም ልኬት ነው የጻፈው፤ ግርብል ከመነሻው ነጥብ የሚለካውን ብቻ ነው የሚቀበለው። ከሁሉ አሳሳቹ ጂ4 (የመጠበቂያ ትእዛዝ) ነው፦ ማክ3ህ በሚሊሰከንድ ተስተካክሎ ከነበረ «ጂ4 ፒ3000» ሦስት ሰከንድ ነበር፤ ግርብል ግን 3,000 ሰከንድ፣ ሃምሳ ደቂቃ ይጠብቃል። ስፒንድሉ ባዶውን እየዞረ ማሽኑ ዝም ካለህ ቦርዱን ከመጠርጠርህ በፊት ይህን መስመር ፈልግ።

ሳጥኑን ስትከፍት ባለ አንድ ቦርዱ ይሁን ድራይቨሮቹ ለየብቻ የቆሙት፣ ከማክ3 ፋይል ያገኘኸውንም የስድስቱን ፒኖች ቁጥርና የተገለበጡት የትኞቹ እንደሆኑ ጻፍልኝ፤ የሽቦውን ሥዕል በዚያው ላይ አድርጌ እልክልሃለሁ።